በፎገራ ሜዳ ለበግ ግልገሎች ስለሚሰጥ የማዕድን ጨው

የፎገራ ሜዳ ከጣና ባሕር በስተምሥራቅ የተዘረጋ ሲሆን፥ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች በክረምት ሞልተው ይተኙበታል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. ሩዝ ወደ አገሩ ከገባ ወዲህ በወረታ ዙሪያ ብዙ የግጦሽ መሬት ታርሶ፥ በጉ በሩዝ ገለባና በረግረግ ዳር ሣር እንዲኖር ሆኗል። ሣሩ ለምለም ሳለ ግልገሉ ከስቶ ሲታይ ገበሬው ይደነቃል፤ ሹሙም ወዲያው የማዕድን ጨው ይታደል ይላል። አሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሳይመረመር የተሰጠ እንደሆነ መንጋውን እስከ መግደል ይደርሳል።

በግ ከጨው ሌላ መዳብ፥ ኮባልት፥ ዚንክ፥ አዮዲንና ሴሌኒየም የሚባሉትን ማዕድናት እጅግ በጥቂቱ ትሻለች። አሞሌ እነዚህን በበቂ አይሰጥም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. የአውስትራልያ ሊቃውንት፥ በመስክ ላይ እየመነመኑ ይሞቱ የነበሩ በጎች ያጡት ኮባልት መሆኑን ገለጡ፤ የሚያስፈልገውም በአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ 0.1 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ውሃ በተኛበት መሬት ሣሩ ኮባልትን በቀላሉ ስለሚያገኝ፥ እንደ ፎገራ ባለ ስፍራ ይልቁንም የሚያጠራጥረው መዳብ ነው። ረግረግ አፈር ብረትና ሞሊብዲነም ለሣሩ አብዝቶ ይለቃል፤ በጓም ጭቃውን ከሣሩ ጋር ትውጣለች፤ እነዚህም በሆዷ ውስጥ ከድኝ ጋር ተባብረው መዳቡን ያስሩታል። መዳብ ያጣች እናት የምትወልደው ግልገል የኋላ እግሩ ይሽመደመዳል። ይህ ደዌ በስምጥ ሸለቆ በበግና በፍየል ግልገሎች ላይ መታየቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ተጽፎ ወጥቷል። ነርቩ አንድ ጊዜ ከተጎዳ መዳኛ የለውምና፥ መዳቡ የሚሰጠው ግልገሉ ሳይወለድ ለእርጉዟ እናት ነው።

መክሳት ሁሉ ግን የማዕድን እጦት አይደለም። ረግረጉ የቀንድ አውጣ ቤት ነው፤ በቀንድ አውጣውም የጉበት ትል ይራባል። የዓይኗ ሽፋን የነጣ፥ ከመንጋጋዋ በታች ያበጠ በግ አስቀድሞ የትል መድኃኒት ያስፈልጋታል። መዳብ ደግሞ በጉበት ይከማቻልና፥ በግ ከላም ይልቅ በቶሎ ትመረዛለች። በአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ 10 ሚሊግራም ያህል ሲበቃት፥ 25 ሚሊግራም ለብዙ ጊዜ የበላች እንደሆነ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ለከብት የተዘጋጀ የማዕድን ጨው ለበግ አይቀርብም።

ለምርመራው በበዓል የሚታረደው በግ መልካም አጋጣሚ ነው። ጉበቱ ተሰንጥቆ ትሉ ይታያል፤ ከዚያው ጥቂት ተቆርጦ መዳብ ሊመዝን ወደሚችል የምርመራ ቤት ይላካል። በአንድ በግ ብቻ መፍረድ ስለማይቻል ከየቀበሌው የብዙ በጎች ጉበት ይሰብሰብ፤ ከረግረግ ዳርና ከከፍታ የመጡትም ተለይተው ይመዝገቡ።