ሦስት ኩላሊት፣ ሁለት ቆሽት

የኩላሊትና የቆሽት ንቅለ ተከላ በአንድ ላይ የተደረገለት ሰው ከቀዶ ሕክምናው ክፍል የሚወጣው ሦስት ኩላሊትና ሁለት ቆሽት ይዞ ነው። ሐኪሞቹ የደከሙትን የራሱን አካላት አብዛኛውን ጊዜ አይነኳቸውም። ከአንድ ሟች ለጋሽ የተገኘውን ቆሽት ከሆዱ በታች በስተቀኝ፣ ኩላሊቱን በስተግራ አስቀምጠው ከደም ሥሮቹ ጋር ይሰፏቸዋል። አሮጌው ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨት ቢያቅተውም ምግብ የሚያልም ፈሳሹን መስጠቱን አላቆመምና ባለበት ይቀመጣል። አዲሱ ሥራውን በደንብ ከጀመረ ታካሚው የኢንሱሊን መርፌም የኩላሊት እጥበትም አያስፈልገውም።

ሕክምናው በዋናነት የሚሰጠው ዓይነት 1 የስኳር በሽታ ኩላሊታቸውን ለጎዳባቸው ሰዎች ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከሩት ዊልያም ኬሊና ሪቻርድ ሊለሃይ የተባሉ ሐኪሞች ናቸው፤ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ። የ28 ዓመቷ ታካሚ ለጥቂት ቀናት ከኢንሱሊን ብትላቀቅም በወራት ውስጥ አረፈች። ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታትም ከባድ ነበሩ። ቆሽት ቁጡ አካል ነው፤ ደሙ ይረጋበታል፣ የሚያመነጨው ፈሳሽ ከፈሰሰ የራሱን አካባቢ ይበላል። ነገሩ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሳይክሎስፖሪን፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ታክሮሊመስ የተባሉት መድኃኒቶች ሰውነት ባዕዱን አካል እንዳይዋጋ ማድረግ ሲችሉ ነው።

ሁለቱን አካላት ከአንድ ለጋሽ መውሰድ የራሱ ጥበብ አለው። ሰውነት ቆሽትን መቃወም ሲጀምር ምልክቱ ቶሎ አይታይም፤ የደም ስኳር ከፍ ሲል ብዙውን ጊዜ ረፍዷል። ኩላሊት ግን ሲጠቃ በደም ምርመራ ላይ ክሬያቲኒን የተባለው ንጥረ ነገር ይጨምራል፤ በዚህ ሐኪሙ ነቅቶ ቆሽቱንም ያድናል።

ዕድሜስ ይረዝማል? በማዲሰን የሚገኘው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የ1,000 ታካሚዎቹን የ22 ዓመት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2009 አሳትሟል። ከአንድ ዓመት በኋላ 97 በመቶ፣ ከ10 ዓመት በኋላ 80 በመቶ፣ ከ20 ዓመት በኋላ 58 በመቶ በሕይወት ነበሩ። ቆሽቱ በ10ኛው ዓመት በ63 በመቶው ላይ ይሠራ ነበር። ሆኖም ለዚህ ቀዶ ሕክምና የሚመረጡት በዕድሜ ወጣት የሆኑና ልባቸው የጠነከረ ናቸውና፣ ቁጥሩን ለስኳር ሕሙማን ሁሉ መስጠት አይገባም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የአሜሪካ ንጽጽር ነው። የታካሚዎቹ ልዩነት በስሌት ከተስተካከለ በኋላ፣ ኩላሊትና ቆሽት አብረው ከተተከሉላቸው 67 በመቶው ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ከሟች ለጋሽ ኩላሊት ብቻ ያገኙት 46 በመቶ ናቸው። ኩላሊት ብቻ፣ ግን ከሕያው ሰው ያገኙት ደግሞ 65 በመቶ! ቆሽት ሳይጨመርላቸው ማለት ነው።

ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተመሠረተው በሕያው ዘመድ ልግስና ላይ ነው። ወንድሙ ወይም እህቱ ኩላሊት የሰጡት የስኳር ሕመምተኛ ቆሽት ስላላገኘ ብቻ ዕድሜው አጠረ ማለት አይደለም።

ቢሆንም ቆሽቱ የሚሰጠው ሌላ ጥቅም አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የሚኒሶታ ጥናት ቆሽት ብቻ የተተከለላቸውን የስምንት ሰዎች የራሳቸውን ኩላሊት ናሙና ተከታትሏል። በአምስተኛው ዓመት የስኳሩ ጉዳት እንዳለ ነበር፤ በ10ኛው ዓመት ግን ጉዳቱ ድኖ ተገኘ። ኩላሊት ብቻ የተተከለለት ሰው ግን ስኳሩ አብሮት ስለሚኖር፣ አዲሱንም ኩላሊት እንዳይጎዳበት ኢንሱሊኑንና ምርመራውን ከመድኃኒቱ እኩል መያዝ አለበት።