የዛለ እግርን በቀዝቃዛ ውሃ ማሳረፍ

የካራማራን አቀበት በእግር ወጥተው ሲመለሱ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ገበያ ቆመው ሲውሉ እግርዎ ይዝላል። ስፖርተኞች የሚያዘወትሩት በቀዝቃዛ ውሃ የመንከር ዘዴ ቤት ውስጥም ይቻላል። እግርን እስከ ጉልበት የሚያስገባ ባልዲ ይበቃል።

ጅግጅጋ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ሌሊቷ ቀዝቃዛ ነው። በእንስራ ውጭ ያደረ ውሃ ጠዋት ይበርዳል፤ ከሸክላው ላይ የሚተነው እርጥበት ሙቀቱን ይዞ ይሄዳልና። በሺኒሌ ቆላ ግን ፍሪጅ ውስጥ በረዶ የሆነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ባልዲው ውስጥ መጨመር ግድ ይላል። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ 10 ደቂቃ በቂ ነው። እግርዎ ከደነዘዘ ወዲያው ያውጡ። ውሃ በጀሪካን ለሚገዛ ቤት ደግሞ የተነከሩበት ለመጸዳጃ ይሆናል።

ዘዴው ሕመም ያስታግሳል እንጂ ጉዳት አይፈውስም። የስኳር ሕመም እግሩን ያደነዘዘው ሰው ቅዝቃዜው ሲጎዳው ስለማይሰማው ፈጽሞ አይሞክረው። ቁስል ወይም የደም ዝውውር ችግር ያለበትም እንዲሁ። በተለይ ከረጅም የአውቶቡስ ጉዞ በኋላ አንድ እግር ብቻ አብጦ ከሞቀና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል፤ ባልዲውን ትተው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።