ባለ ማይክሮፎን ገመድና የነጋዴው እምነት

በመርካቶ የኤሌክትሪክና የስልክ ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች በአንደኛው አንድ ወጣት ከሦስት ቀን በፊት የገዛውን ገመድ በእጁ ይዞ ተመልሶ መጣ። ገመዱ በሁለት ጫፉ ጃክ ያለው ሆኖ፥ ወደ ጆሮ ማዳመጫው በሚሰካው ጫፍ በኩል አነስተኛ ማይክሮፎን የተበጀለት ነው። ወጣቱ የገዛው በቤቱ ያለውን ደኅና የጆሮ ማዳመጫ ሳይለውጥ ለመነጋገሪያም እንዲሆነው በማሰብ ነበር።

«ጋሼ፥ ጃኩስ ልክክ ብሎ ገብቷል» አለ ወጣቱ። «ዘፈንም ያሰማል፤ ግን የዘፋኙ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። እኔ ስናገር ደግሞ ማንም አይሰማኝም። ትናንት ለሥራ በቪዲዮ ሲጠይቁኝ አፌ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያዩት።»

ባለ ሱቁ ገመዱን ተቀብሎ ከመሳቢያው ባወጣው አሮጌ ስልክ ላይ ቢሰካው፥ ማይክሮፎኑ ያለ አንዳች ጉድለት ሠራ። መልሶ በወጣቱ ስልክ ላይ ቢሰካው ዝም አለ። ገመዱ አልተበጠሰም፤ ስልኩም አልተበላሸም። ባለ ሱቁ ገንዘቡን ከመመለስ በቀር ምክንያቱን ለደንበኛው ማስረዳት አልቻለም። ከዚያው ዐይነት ገመድ ገና ያልተከፈቱ ሁለት ካርቶኖች በመደርደሪያው ላይ ተቀምጠው ነበር።

ምክንያቱን በመጨረሻ የነገረው በጎረቤት ያለ ስልክ ጠጋኝ ነው። ነገሩ በጃኩ ላይ ካሉት የብረት ክፍሎች የሁለቱ ተራ መለዋወጥ ብቻ ነበር። ይህን ትንሽ ነገር አስቀድሞ ያወቀ አስመጪ በትእዛዙ ላይ ጥቂት ቃላት ጨምሮ ከኪሳራ ይድናል፤ ያላወቀ ግን ገንዘቡንም የደንበኛውንም እምነት ያጣል።

ዕቃው ለምን ተፈለገ

እ.ኤ.አ. በ2020 ከተስፋፋው የኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ስብሰባን፥ ትምህርትንና የሥራ ቃለ መጠይቅን በኢንተርኔት ማካሄድ በብዙ አገሮች ተለምዷል። ከውጭ አገር ገዢ ጋር ስለ ዋጋ የሚነጋገር ቡና ላኪ፥ በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ካለ ዘመዱ ጋር የሚወያይ ሰው፥ በቤቱ ሆኖ ለሩቅ ድርጅት የሚሠራ ወጣት፥ ሁሉም ጆሮንና አፍን በአንድነት የሚያገለግል መሣሪያ ይሻሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ለሙዚቃ ብለው የገዙት መልካም የጆሮ ማዳመጫ አስቀድሞ በእጃቸው አለ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የውጭ ዕቃ በብር ሲታሰብ ዋጋው ከፍ ስላለ፥ አዲስ መሣሪያ ከመግዛት ይልቅ ያለውን በአንድ ገመድ አሻሽሎ መጠቀም ለሸማቹ የተሻለ ይሆናል።

«ገመድ አልባው ብሉቱዝ ሳለ ገመድ ለምን?» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው። በተለመደው የብሉቱዝ አሠራር ማይክሮፎኑ በተከፈተ ጊዜ መሣሪያው ከሙዚቃ ማሰሚያነት ወደ ስልክ መነጋገሪያነት ስለሚዛወር፥ የሚሰማው ድምፅ ጥራቱ ይቀንሳል። ከዚህም በቀር ብዙዎቹ የብሉቱዝ ማዳመጫዎች በገመድ ሲሰኩ በውስጣቸው ያለው ማይክሮፎን አይሠራም። ባለ ማይክሮፎን ገመድ ግን ባትሪ መሙላት ሳያስፈልገው ድምፁን በቀጥታ ያደርሳል።

ከስልክ ማዞሪያ ቤት የመጣ ጃክ

ዛሬ በየሱቁ የሚታየው ጃክ የተወለደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በስልክ ማዞሪያ ቤት ነው። የማዞሪያ ሠራተኞች 6.35 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ጃክ የአንዱን ደንበኛ መስመር ከሌላው ያገናኙ ነበር። እነርሱም መስሚያውን በጆሯቸው፥ መናገሪያውን በአፋቸው ፊት አድርገው ይሠሩ ስለ ነበረ፥ ጆሮና አፍ በሥራቸው አልተለያዩም።

እ.ኤ.አ. በ1910 ናትናኤል ባልድዊን የተባለ የዩታ ሰው በቤቱ የሠራውን የጆሮ ማዳመጫ ለአሜሪካ ባሕር ኀይል አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ጆን ኮስ የተባለ የሚልዋኪ ነጋዴ ለሙዚቃ የሚሆን ባለ ሁለት ድምፅ፥ ማለት ስቴሪዮ የሆነ ማዳመጫ ለገበያ አወጣ። 3.5 ሚሊሜትር የሆነው ትንሹ ጃክ ከትራንዚስተር ሬዲዮ ጋር መጥቶ፥ እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው በሶኒ ዎክማን አማካይነት በዓለም ሁሉ ታወቀ። ሙዚቃ የሚሰማ ሰው መናገር ስለማያስፈልገው ማይክሮፎኑ ከማዳመጫው ተለይቶ ቀረ። እንግዲህ ባለ ማይክሮፎን ገመድ የሚሠራው የተለያዩትን ሁለቱን መልሶ ማገናኘት ነው።

የአራቱ ክፍሎች ተራ

ለሙዚቃ ብቻ የተሠራ ጃክ በሁለት የፕላስቲክ ቀለበቶች የተለዩ ሦስት የብረት ክፍሎች አሉት። ጫፉ ለግራ ጆሮ፥ መካከለኛው ለቀኝ ጆሮ፥ የመጨረሻው ደግሞ ለሁለቱ የጋራ መመለሻ ነው። ማይክሮፎን ያለበት ጃክ ግን በሦስት ቀለበቶች የተለዩ አራት ክፍሎች ይኖሩታል። ስለዚህ ባለ ሱቅ ቀለበቶቹን በዐይኑ ቆጥሮ ብቻ ሁለቱን ዐይነት ሊለይ ይችላል።

ችግሩ የሚመጣው ከሦስተኛውና ከአራተኛው ክፍል ነው። ሁለት የአሠራር ደንቦች አሉ። ሲቲአይኤ በሚባለው ደንብ ሦስተኛው ክፍል የጋራ መመለሻ፥ አራተኛው ማይክሮፎን ነው። ኦኤምቲፒ በሚባለው ደንብ ደግሞ ሦስተኛው ማይክሮፎን፥ አራተኛው የጋራ መመለሻ ይሆናል። የዛሬዎቹ ስልኮች አብዛኛዎቹ የሲቲአይኤን ተራ ይከተላሉ፤ ኦኤምቲፒ የሚገኘው በአንዳንድ አሮጌ ስልኮችና በእነርሱ ልክ በተሠሩ ገመዶች ላይ ነው። የሁለቱ ጃኮች ውፍረትና ርዝመት አንድ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ቀዳዳ ያለ ችግር ይገባል። ባለ ሱቁንም ያሳሳተው ይኸው ነው።

ተራው ሲለዋወጥ የሚታየው ምልክት ወጣቱ እንደ ነገረው ነው። የጋራው መመለሻ በማይክሮፎኑ በኩል ለማለፍ ስለሚገደድ፥ በሁለቱም ጆሮ እኩል የተቀዳው የዘፋኙ ድምፅ ይሳሳል ወይም ይጠፋል፤ ዳር ዳር ያለው መሣሪያ ብቻ ይቀራል። በገመዱ ላይ የመልስ አዝራር ካለ፥ አዝራሩ ተጭኖ በተያዘበት ጊዜ ዘፈኑ ሙሉ ሆኖ ከተሰማ፥ ተራው መለዋወጡ በዚህ ይታወቃል።

ከሳጥን ያልተሰካ ገመድን ደግሞ በቴስተር መመርመር ይቻላል። የቴስተሩ አንድ ጫፍ ወደ ጆሮ ማዳመጫው በሚገባው ጃክ የመጨረሻ ክፍል ላይ፥ ሌላው ጫፍ ወደ ስልኩ በሚገባው ጃክ ላይ ይደረጋል። ቴስተሩ በሦስተኛው ክፍል ላይ ከጮኸ ገመዱ ሲቲአይኤ ነው፤ በአራተኛው ላይ ከጮኸ ኦኤምቲፒ ነው። ሥራው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

ማዳመጫውን የመለወጥ ሦስት መንገዶች

የመጀመሪያውና የተሻለው መንገድ ገመዱ ለሚነቀል ማዳመጫ ነው። አሮጌው ገመድ ተነቅሎ ባለ ማይክሮፎኑ ይተካል። ይሁን እንጂ በማዳመጫው ላይ ያለው ቀዳዳ እንደ ሞዴሉ ይለያያል። ለምሳሌ ፊሊፕስ ኤስኤችፒ9500 የተባለው 3.5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ስላለው እንደ ቪ-ሞዳ ቡምፕሮ ያለ ገመድ ይቀበላል። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲኤች ኤም50ኤክስ የተባለው ግን ቀዳዳው 2.5 ሚሊሜትር ሆኖ ተጠምዝዞ የሚቆለፍ ስለ ሆነ፥ ያው ገመድ ለእርሱ አይሆንም። አንዳንዱም ቀዳዳ ወደ ውስጥ ጠልቆ የተሠራ ነውና የጃኩ ፕላስቲክ ወፍራም ከሆነ እስከ መጨረሻው አይገባም።

ሁለተኛው መንገድ ገመዱ ለማይነቀል ማዳመጫ ነው። ለዚህ በማግኔት ወይም በማጣበቂያ ከማዳመጫው ጎን የሚለጠፍ፥ የራሱ ገመድ ያለው ማይክሮፎን አለ፤ አንትሊየን ሞድማይክ የተባለው የዚህ ዐይነት ነው። ሁለት ገመዶች ስለሚሆኑ፥ ለስልክ ሲፈለግ ሁለቱን ወደ አንድ ባለ አራት ክፍል ጃክ የሚያሰባስብ ሹካ የመሰለ አዳፕተር አብሮ መሸጥ ይገባል።

ሦስተኛው ገመዱን ቆርጦ ባለ አራት ክፍል ጃክ መበየድ ነው። ይህ የጠጋኝ ሥራ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ገመድ ውስጥ ያሉት ክሮች ከፀጉር የቀጠኑና በቫርኒሽ የተቀቡ ስለ ሆኑ፥ ቫርኒሹ በሙቀት ካልተነሣ ብየዳው አይዝም። ባለ ሱቁ ከደንበኛው ጋር ጠጋኙን ቢያገናኝ መልካም ነው፤ በራሱ እጅ ቢሞክረው ግን የሰውን ዕቃ ያበላሻል።

በሦስቱም መንገድ የሚያገለግለው ማይክሮፎን አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሬት የሚባለው ነው። የዛሬውን ዐይነት ኤሌክትሬት ማይክሮፎን እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ያበጁት ጌርሃርድ ሴስለርና ጄምስ ዌስት ናቸው። ይህ ማይክሮፎን ለመሥራት ጥቂት የኤሌክትሪክ ኀይል ይፈልጋል፤ ኀይሉንም ስልኩ ወይም ኮምፒዩተሩ በዚያው ሽቦ ይልክለታል። በመድረክ ላይ የሚያገለግለው ባለ ሦስት እግር ማይክሮፎን ግን አሠራሩ ሌላ ስለ ሆነ በዚህ ቀዳዳ አይሰካም።

መሰኪያውም ይለያያል

ደንበኛው ገመዱን በምን ላይ ሊሰካ እንዳሰበ ሳይጠይቁ መሸጥ አይገባም። ብዙዎቹ የጠረጴዛ ኮምፒዩተሮች ለመስሚያ አረንጓዴ፥ ለማይክሮፎን ሮዝ የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች አሏቸው። በእነዚህ ላይ ባለ አራት ክፍሉ ጃክ ብቻውን ስለማይበቃ፥ አንዱን ወደ ሁለት የሚከፍል አዳፕተር ያስፈልጋል። ይህ አዳፕተር ቀደም ሲል ከተጠቀሰው ሁለቱን ወደ አንድ ከሚያሰባስበው ጋር ሲያዩት ይመሳሰላል፤ ሥራው ግን ተቃራኒ ነውና በመደርደሪያ ላይ መቀላቀል የለባቸውም።

አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7ን ያለ ጃክ ቀዳዳ ካወጣ ወዲህ ሌሎችም ብዙ አምራቾች ቀዳዳውን ትተውታል። ከእነዚህ መካከል ታይፕ ሲ ላላቸው ስልኮች ከታይፕ ሲ ወደ 3.5 ሚሊሜትር የሚያሻግር አዳፕተር ይሸጣል። ከእርሱም ሁለት ዐይነት አለ። አንደኛው ድምፁን የሚለውጥ መሣሪያ በውስጡ ያለው ነው፤ ሁለተኛው ባዶ ሽቦ ብቻ ስለ ሆነ የሚሠራው ይህን በሚቀበሉ ስልኮች ላይ ነው። አንዳንዱም ድምፅ እያሰማ ማይክሮፎን የማይቀበል ስለ ሆነ፥ ከመግዛት በፊት ይህን ማጣራት ግድ ነው።

አስመጪው ከማዘዙ በፊት

አስመጪው ፕሮፎርማ ሲጠይቅ እነዚህን አምስት ነገሮች በጽሑፍ ማስፈር ይኖርበታል።

1. ወደ ስልኩ የሚገባው ጃክ ባለ አራት ክፍል መሆኑንና ተራው ሲቲአይኤ መሆኑን፤
2. ወደ ማዳመጫው የሚገባው ጃክ 3.5 ወይም 2.5 ሚሊሜትር መሆኑን፥ መቆለፊያ እንዳለውና እንደሌለው፤
3. የጃኩን ፕላስቲክ ውፍረት፥ ገመዱ ይስማማቸዋል ከተባሉት ማዳመጫዎች ስም ጋር፤
4. የገመዱን ርዝመት፤ ለስልክ አጭሩ፥ ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር ረጅሙ ይመረጣልና፤
5. ሙሉው ዕቃ ከመጫኑ በፊት ናሙና እንዲላክና ከናሙናው የተለየ ዕቃ እንደማይቀበል።

የጉምሩክም ነገር አይዘነጋ። በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ የጆሮ ማዳመጫ ማይክሮፎን ቢኖረውም ባይኖረውም በ8518.30፥ ማይክሮፎን ለብቻው በ8518.10፥ ማያያዣ የተገጠመለት ተራ የኤሌክትሪክ ገመድ በ8544.42 ይመደባሉ። ማይክሮፎንና ገመድ በአንድነት የተሠሩበት ዕቃ ከየትኛው እንደሚገባ ግን በቀላሉ የሚያከራክር ነው። ስለዚህ አስመጪው ናሙናውን ይዞ ዕቃው ወደብ ከመድረሱ በፊት ጉምሩክን ቢጠይቅ፥ በኋላ ከሚመጣ የቀረጥ ልዩነትና የመጋዘን ኪራይ ይድናል።

በመርካቶ ያለው ባለ ሱቅ የጠጋኙን ቃል ከሰማ በኋላ ሁለቱን ካርቶኖች አልጣላቸውም። የሁለቱን ክፍሎች ተራ የሚያዛውር አነስተኛ አዳፕተር እየጨመረ፥ «ለአሮጌ ስልክ፤ ለአዲስ ከአዳፕተር ጋር» የሚል ወረቀት ለጥፎ በቅናሽ ሸጣቸው። ትርፍ ባያገኝበትም ዋናውን አዳነ። በመሸጫው ጠረጴዛ ላይም አንድ አዲስ ስልክና አንድ ኮምፒዩተር አኑሮ፥ ደንበኛው ማዳመጫውን ይዞ መጥቶ ድምፁን ቀድቶ ሳይሰማ ገንዘብ አይቀበልም።

ወጣቱም ከሳምንት በኋላ ሲያልፍ ተጠርቶ ትክክለኛው ገመድ ተሰጠው። ሞክሮትም ድምፁ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ሥራውስ እንዴት ሆነ፥ ልጄ?» አለው ባለ ሱቁ።

«ለሌላ ሰው ሰጡት፥ ጋሼ» አለ ወጣቱ።

ባለ ሱቁ የገመዱን ዋጋ አልተቀበለውም። የገመድ ዋጋ ሊመለስ ይችላል፤ በዚያ ገመድ ምክንያት ያለፈ ቀን ግን አይመለስም። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉትም ለዚህ ነው፤ ዕቃው ከመጫኑና ከመሸጡ በፊት የሚደረግ የአንድ ደቂቃ ምርመራ የነጋዴውን ስም ይጠብቃል፤ ገዢውንም ከማይመለስ ጉዳት ያድነዋል።