«በነጻ» ያገኘነው የማን ነው?

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ፣ ሆሳዕና በምናገለግልበት ቤተ ክርስቲያን መዝሙር እየተዘመረ ሳለ፣ ግጥሙ በሚታይበት ግድግዳ ላይ ሌላ ጽሑፍ ወጣ፤ ፕሮግራሙ ሕጋዊ ቅጂ አይደለም የሚል። አጠገቤ የነበረችው ልጄ፣ «እማዬ፣ ሰርቀን ነው እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በፍላሽ አስገልብጬ ያመጣሁት እኔው ነበርኩ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 መጽሐፍንና ሙዚቃን ብቻ ሳይሆን የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። ብንገዛው እንኳ ብዙውን ጊዜ የእኛ የሚሆነው የመጠቀም ፈቃዱ ነው። የዘማሪ ወንድማችን መዝሙር በሜሞሪ ካርድ ሲባዛ እናዝናለን፤ የፕሮግራም ሠሪው ድካምስ?

ማታ ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። «ገንዘብ የለንም» ማለት አላሳረፈንም። ሠሪዎቻቸው ራሳቸው በነጻ እንድንጠቀም የፈቀዱልን ፕሮግራሞች አሉና፦ ለጽሕፈት ሊብሬኦፊስ፣ ለመዝሙር ግጥም ኦፕንኤልፒ። እስክንለምደው ተቸገርን፤ ልባችን ግን አረፈ።

የተወደዳችሁ ባልና ሚስት፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁንና ኮምፒውተራችሁን አብራችሁ ክፈቱ። «ይህ የማን ነው? ፈቅዶልናል?» ብላችሁ ተጠያየቁ። ልጆቻችን ስምንተኛውን ትእዛዝ ከስብከታችን ይልቅ ከእጃችን ይማራሉ። ጌታ ይርዳን።