ስድስተኛው ገጽ፣ የመጨረሻው መስመር

የሰው የዘር መጽሐፍ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል አለው። ለሴል ኃይል የምታመነጨው ማይቶኮንድሪያ ግን የራሷ ትንሽ ጥራዝ አላት፤ 16,569 ፊደል ብቻ። ገጹ 1,500 ፊደል ቢይዝ ትልቁ መጽሐፍ 2 ሚሊዮን ገጽ ሲፈጅ ትንሿ በ11 ገጽና በጥቂት ቃላት ታልቃለች። የምንወርሳትም ከእናታችን ነው።

ስድስተኛውን ገጽ እንግለጥ። የመጨረሻው መስመር ላይ 8,993ኛው ፊደል አለ። ቲ መሆን ሲገባው በአንዳንድ ቤተሰብ ጂ ሆኖ ይገኛል። መስመሩ የሚናገረው ስለ ሴሉ ወፍጮ ነው፤ እንደ ውሃ ወፍጮ እየተሽከረከረ በእያንዳንዱ ዙር 3 የኃይል ቅንጣት ያወጣል። ያቺ ፊደል ስትሳሳት ወፍጮውን የሚያዞረው ፍሰት ቦዩ ላይ ይታገዳል።

በአንድ የእናት እንቁላል ውስጥ ጥራዟ ከ100,000 ቅጂ በላይ አላት፤ ዕጣውን የሚቆርጠው የተሳሳተው ቅጂ ብዛት ነው። ከመቶ 50 ቢሆን ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ከ70 እስከ 90 ሲደርስ ሬቲናው ይጎዳል፤ ሲመሽ ማየት ይቸግረዋል፤ እግሩም ይንገዳገዳል። ከ90 ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ጨቅላው ላይ ይበረታል፤ ይህም ዴኒስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1951 በ7 ወር ሕፃን ላይ የገለጸው፣ አንጎልን የሚጎዳው ሊ ሲንድረም ነው።

ዓይን ቶሎ ያሳብቃል። ከእያንዳንዱ ዓይን ወደ አንጎል 1 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ክሮች ይሄዳሉ። ዓይኑ ውስጥ ያለው ክፍላቸው ብርሃን እንዳይጋርድ ስብ አልለበሰም፤ ስለዚህ መልእክት ለማድረስ ብዙ ኃይል ይፈጃል። ወፍጮው ሲዳከም ክሮቹ ይመነምናሉ። ሐኪሙ ቀይ ኳስ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያሳልፍ ሕፃኑ አይከተለውም፤ ዓይኖቹ ወዲህና ወዲያ ይንቀጠቀጣሉ፤ አንዱ ይሸወራል፤ የዓይን ቆቡ ይወድቃል።

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2015 የእናትን ኒውክለስ ጤነኛ ማይቶኮንድሪያ ወዳላት ለጋሽ እንቁላል ማዛወርን ፈቀደች። በ2025 ከኒውካስል በዚህ ዘዴ 8 ሕፃናት መወለዳቸው ተነገረ፤ የተሳሳተው ቅጂ ወይ አልተገኘባቸውም፣ ወይ ለበሽታ ከሚያበቃው መጠን እጅግ ያነሰ ነበር። ከ20,000 ገደማ ጂኖቻቸው ከለጋሿ የመጡት 37 ብቻ ናቸው። የዓይናቸው ቀለም የወላጆቻቸው ነው፤ ዓይኑን የሚያበራው ወፍጮ ግን የሌላ ሴት ቦይ አለው።