አጣጥና የነቀርሳ መድኃኒት

በደብረ ታቦርና በአካባቢው አጣጥን የማያውቅ የለም፤ የሚታወቀውም ለአጥርና ለማገዶ ነው። ባለፈው ሰሞን ግን አንድ ደንበኛ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥቶ፣ «የአጣጥ ቅጠል በውጭ አገር ለነቀርሳ መድኃኒት ይፈለጋል ይባላልና፣ በኩንታል ሰብስቤ ብልክ ምን አተርፋለሁ?» ሲል አሠሪዬን ጠየቃቸው። ጥያቄው የሌሎች ነጋዴዎችም ሊሆን ስለሚችል፣ መልሱን ለክቡራን አንባብያን አቀርባለሁ።

ወሬው ከሥሩ ሐሰት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት ለነቀርሳ ምርምር ከልዩ ልዩ አገሮች ዕፅዋት ሲያስለቅም፣ ከኢትዮጵያ ከተወሰዱት መካከል ከአጣጥ ወገን የሆነ አንድ ቁጥቋጦ ይገኝ ነበር። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ሊቅ ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ሜይታንሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ከዚሁ ተክል ለይተው ማውጣታቸውን አስታወቁ። ይህ ንጥረ ነገር ሕዋስ ተከፋፍሎ እንዳይባዛ የሚያግድ ብርቱ መርዝ ነው። ይሁን እንጂ በሕሙማን ላይ ሲፈተን ጤነኛውንም አካል ስለ ጎዳ፣ ለብቻው መድኃኒት ሳይሆን ቀረ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊቃውንቱ ከሜይታንሲን ጋር የሚዛመደውን መርዝ፣ የነቀርሳውን ሕዋስ ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አያያዙት። ነገሩ እንደ ጭነትና እንደ ተሸካሚ ነው፤ ተሸካሚው ጭነቱን ከታዘዘበት ደጃፍ ያደርሳል። ካድሲላ የሚባለው ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ለአንድ ዓይነት የጡት ነቀርሳ በአሜሪካ ተፈቀደ።

ታዲያ ቅጠሉ ገበያ አለውን? የለውም። ከአንድ ኪሎ ተክል የሚገኘው ሜይታንሲን አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ከዚህም በላይ የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ተመሳሳዩን ንጥረ ነገር የሚሠራ ባክቴሪያ ማግኘታቸውን ገለጹ። ዛሬ የመድኃኒቱ መነሻ ባክቴሪያው በፋብሪካ ጋን ውስጥ ተብላልቶ ይገኛል እንጂ፣ ከቁጥቋጦ አይለቀምም።

እንግዲህ ለእኛ የሚቀሩን ሁለት ትምህርቶች ናቸው። የመጀመሪያው ላኪዎችን ይመለከታል። ናሙናው በወጣበት ዘመን ጥቅም መካፈልን የሚደነግግ ሕግ አልነበረም፤ ዛሬ ግን አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ። የውጭ ደንበኛ ለምርምር ቅጠል ወይም ዘር ላኩልኝ ቢል፣ አስቀድሞ ከኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ማግኘትና የጥቅም ድርሻን በውል ማስፈር ያስፈልጋል። የዕፅዋት ዋጋ በጆንያው ክብደት ሳይሆን በሚገኝበት ዕውቀት ነውና፣ ያለ ውል የወጣ ናሙና ተመልሶ አይገባም።

ሁለተኛው ባለሱቆችን ይመለከታል። አጣጥን ፈጭቶ «የነቀርሳ መድኃኒት» ብሎ መሸጥ ንግድ አይደለም። ሕመምተኛው ዱቄቱን ይዞ ሐኪም ቤት ሳይሄድ የሚያሳልፈውን ጊዜ ማንም በገንዘብ ሊመልስለት አይችልም።

ደንበኛችንም ይህን ሰምቶ፣ ለአጣጥ ያዘጋጀውን ጆንያ ለድንች አዋለው።