ከአርባ በኋላ ኮርኒያን ማጠንከር

በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። በጥቁር ጨርቅ ላይ ያለ ጥቁር ስፌት ድርብ ሆኖ ይታየኝ ጀመር፤ መነጽር ብቀይርም አልጠራ አለ። ምርመራው ኬራቶኮነስ ሆነ፦ የዓይን የፊት መስታወት የሆነው ኮርኒያ እየሳሳ ወደ ፊት ይሾላል።

ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ክሮስሊንኪንግ የተባለው ሕክምና በጀርመን ድሬስደን ከተማ የተፈለሰፈ ነው። ሐኪሙ የኮርኒያውን ስስ የላይ ሽፋን ገፎ የቫይታሚን ቢ2 ጠብታ ያደርግበታል፤ ከዚያ በመጀመሪያው አሠራር ለ30 ደቂቃ አልትራቫዮሌት ጨረር ያበራበታል። የኮርኒያው ቃጫዎች እርስ በርስ ይተሳሰራሉ። ዓላማው በሽታውን ባለበት ማቆም ነው፤ መነጽር ያስጥላል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል።

በእኔ ዕድሜ ግን ነገሩ ይለያል። ኮርኒያ ከዕድሜ ጋር በራሱ ይጠነክራል፤ ከ40 በኋላ በብዙዎች ላይ በሽታው ይረጋል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ «እየባሰ ነው ወይ?» ነው። ይህን የሚመልሰው በወራት ልዩነት የሚነሳ የኮርኒያ ካርታ እንጂ ፍርሃቴ አይደለም። «ካልተለወጠ ጠንካራ ኮንታክት ሌንስ ይበቃዎታል፤ ከባሰና የኮርኒያው ውፍረት ከፈቀደ ክሮስሊንኪንጉን እንሠራለን» አሉኝ ሐኪሜ። ዓይን ማሸትንም አጥብቀው ከለከሉኝ፤ ማሸት ኮርኒያን ይጎዳል። የጨርቅ ብናኝ ሲያሳክከኝ አሁን የታዘዘልኝን ጠብታ እጠቀማለሁ። ሁለተኛው ካርታ እስኪነሳ ለሕክምናው አልቸኩልም።